ያላለቀሰችበት መጽሐፍ

የቧንቧ ሠራተኛው ልጅ አልቃሻ ነበረች። አልቃሻ ስትባል ግን ተቆንጥጣ ወይም ተሰድባ የምታለቅስ እንዳይመስላችሁ። የቆነጠጣትን መልሳ የምትቆነጥጥ፣ የሰደባትን እጥፍ አድርጋ የምትሰድብ፣ ምላሷ የማያርፍ ልጅ ነበረች። እሷ የምታለቅሰው ለሌላ ነው። ትንሽ ልጅ ሳለች የጎረቤታቸውን የጫማ ሰፊውን ውሻ መኪና ገጭቶት ሲያነክስ አይታ፣ ለጥቂት ቀናት እሷም አብራው እያነከሰች ሄዳለች። ማንበብ ከቻለች በኋላማ ጭራሽ ባሰባት። ተወልደው የማያውቁ፣ ከወረቀት ሌላ አገር የሌላቸው ሰዎች ሁሉ ዘመዶቿ ሆኑ።

"ቧንቧ" የሚለውን ስም ያወጣላት አባቷ ነው። "የሰፈሩን የሚያፈስ ቧንቧ ሁሉ ጠግኜ እገባለሁ፤ የገዛ ቤቴ ቧንቧ ግን አቃተኝ" ይል ነበር። ስሙ ከቤት ወደ ደጅ ወጣ፣ ከደጅ ትምህርት ቤት ገባ። መጀመሪያ አኮረፈች፤ ኋላ ግን ለመደችው። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት የክፍል ስም ጠሪው ብቻ ነበር፤ ለእሱም ቢሆን አንዳንዴ "አቤት" ማለት እየረሳች ቀሪ ተብላ ታውቃለች።

መጻሕፍቱን የምታገኘው ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ ካለች ባለ ሁለት ክፍል ቤተ መጻሕፍት ነው። እዚያ የምትሠራው ሴትዮ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ዓይኗ ላይ ግን የማታደርግ፣ በመስኮቱ በኩል ለወጣቶች የሚሆኑ ልብ ወለዶችን ለብቻ ደርድራ እንደ ጓሮ አትክልት የምትንከባከብ ሰው ናት። የዚያ መደርደሪያ መጻሕፍት ቀላል አይደሉም። ዓይኑ እየጠፋ ያለ አባቱን በእጁ ይዞ የሚመራ ልጅ አለ። በሽሽት መንገድ ላይ የተጠፋፉ እህትማማቾች አሉ። እናቷ መጠጥ ስታበዛ ታናናሾቿን የምታሳድግ፣ ለአስተማሪዎቿ ግን "ሁሉም ሰላም ነው" የምትል ልጅ አለች። ቧንቧ ሁሉንም አንብባቸዋለች፤ ሁሉንም አልቅሳባቸዋለች።

አነባበቧ የራሷ ሕግ ነበረው። መጀመሪያ የመጨረሻውን ገጽ ትገልጥና በሕይወት ያለ ማን እንደሆነ ታጣራለች። በተለይ ውሻ ካለበት ውሻው መትረፉን ሳታረጋግጥ አትጀምርም። ክፉው ነገር መምጣቱ ሲሸታት መጽሐፉን ትደፋና ሄዳ ሳህን ታጥባለች፤ እናቷም ሳህኖቹ ያለ ወትሯቸው ሲያብረቀርቁ ታሪኩ መክፋቱን ታውቃለች። ከሰዎቹ ጋር ደግሞ በቃል ትጨቃጨቃለች። "አትሂድ አልኩህ እኮ!" ስትል እናቷ ከማዶ ክፍል "ማንን ነው?" ትላለች። ነገሩ ከአቅም በላይ ሲሆን መጽሐፉን በፎጣ ጠቅልላ ሰገነቱ ላይ ታወጣዋለች። "ትንሽ ይቀዝቅዝለት" ትላለች።

አባቷ ማታ ሲገባ የሥራ ሳጥኑን በር ጥግ ያስቀምጥና ፊቷን አይቶ፣ "ዛሬስ ማን ሞተብን?" ይላታል። እሱ እየበላ እሷ ትተርክለታለች። መጀመሪያ ለቀልድ ያህል ይሰማና ቀስ በቀስ ጉርሻው አፉ ውስጥ ይቆማል። "ከዚያስ? ያ አጎትየው ምን አለ? አይ ይሄ ከንቱ!" ይላል። እናቷ ግን በዚህ አትጠመድም። በልብስ ማጠቢያ ድርጅት ቀኑን ሙሉ ቆማ የሆቴል አንሶላ ስትተኩስ ትውልና አብጦ የመጣ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ፣ "ለሌለ ሰው ይሄ ሁሉ እንባ! ለእኔ እግር አንድ ቀን አልቅሰሽ ታውቂያለሽ?" ትላለች።

አንድ ጊዜ እንዲያውም ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ ሄዳ፣ "ልጄን እያሳመሙብኝ ነው፤ የሚያስቅ ነገር የለዎትም?" ብላ ነበር። ሴትዮዋም ሳቋን ዋጥ አድርጋ የታወቀ አስቂኝ መጽሐፍ ሰጠቻት። ቧንቧ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ስትደርስ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። "ምን ሆንሽ? የሚያስቅ አይደለም እንዴ?" ሲሏት፣ "የሚያስቀው ሰውዬ እኮ ራቱን ብቻውን ነው የሚበላው" አለች። ከዚያ ወዲህ እናቷ ተስፋ ቆረጠች።

ትምህርት ቤት ውስጥ የወንበር ጓደኛዋ ሁሉም "ረጅሟ" የሚላት ልጅ ናት። ረጅሟ በቁመቷ ምክንያት የኋላ ወንበር ተፈርዶባት፣ ቧንቧ በአጭር አንገቷ ሰሌዳው እየተሸፈነባት እንኳ አብራት የተቀመጠች የልብ ጓደኛዋ ነበረች። መረብ ኳስ ስትጫወት ኳሷን ከላይ የምታወርዳት እንደ ጣሪያ ውሃ ነው። የመምህራኑን አነጋገር ስትቀዳ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። እናቷ ባለፈው ዓመት ታማ ከሞተችባት ወዲህ ከታላቅ እህቷ ጋር ትኖራለች። እህትየዋ ፀጉር ቤት ያላት፣ መንታ የምታጠባ፣ ቀኑ የማይበቃት ሴት ናት። ረጅሟ ግን ከሐዘኑ በኋላ ሳቋ እንዲያውም ጨመረ። ሰውም "ጎበዝ ናት፣ ቶሎ ተጽናናች" አለ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ ረጅሟ ስለ መንቶቹ ጩኸት እያወራች እያሳቀቻት በመሃል፣ "ምን ይመስልሻል፣ እኔ ባልኖር እኮ ለሁሉም ይቀል ነበር። አንድ ክፍል ይተርፋቸዋል። አንዳንድ ቀን ተኝቼ በዚያው ብቀር እላለሁ" አለች፤ ሳቀችም። ቧንቧም ሳቋን ተከትላ ሳቀችና ቀና ብላ ፊቷን ስታይ አፏ ተከፍቶ ቀረ። ፊቷ አይስቅም ነበር።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ምንም። ዝም ብዬ ነው። ለማንም እንዳትናገሪ ግን። ብትናገሪ የእናቴ አጥንት ይውጋሽ።"

"እንዴ፣ ምን ..."

"በይ፣ ማይልኝ!"

ቧንቧ ማለች። የሞተች እናት አጥንት ሲጠራ እምቢ የሚል ማን አለ? ነገሩም የሐዘን ወሬ ነው፣ ያልፋል ብላ ለራሷ ነገረችው። ጥቂት ቀን ቆይቶ ረጅሟ በጨዋታ ጊዜ ጉልበቷ ላይ የምታደርገውን መከላከያ ከቦርሳዋ አውጥታ የቧንቧ ጭን ላይ ጣለችላት። "ያዢው። እኔን አያስፈልገኝም" አለቻት። ቧንቧ ኳስ ሲመጣባት ዓይኗን የምትጨፍን ልጅ ናት፤ ምን ልታደርግበት? ከቡድኑ ተጣልታ ትታው ይሆናል ብላ አልጋዋ ስር ወረወረችው።

ያን ሰሞን ነው የቤተ መጻሕፍቷ ሴትዮ አንድ መጽሐፍ ያዘጋጀችላት። "ይሄን ስታነቢ መጨረሻውን ቀድመሽ እንዳታዪ፤ ቃል ግቢልኝ" አለቻት። "ከባድ ነው። ከከበደሽ ግን መልሺው፤ እኔም አልታዘብሽም፣ መጽሐፉም አይቀየምም።"

ባቡር ሐዲድ ዳር ስለሚኖሩ ሁለት ጓደኛሞች የሚያወራ ልብ ወለድ ነው። አንዷ ቀልደኛ ናት፤ ሌላዋ፣ ተራኪዋ፣ ዝምተኛ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ መስኮት ስር ተቀምጣ ጀመረችው። ደስ የሚል ነበር፤ ሁለት ጊዜ ጮክ ብላ ሳቀች። ከዚያ ቀልደኛዋ ልጅ የምትወደውን ሻርፕ አውልቃ ለጓደኛዋ አንገት ላይ አሰረችው። "ያዢው፣ እኔን አያስፈልገኝም" አለች። ቀጥላ ሬዲዮዋን ለጎረቤት ልጅ ሰጠች። ከዚያ ድመቷን።

ቧንቧ ገጹን ደግማ አነበበችው። እንደ ልማዷ እንባው እስኪመጣ ጠበቀች፤ አልመጣም።  ለሴትዮዋ የገባችውን ቃል አፍርሳ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። ተራኪዋ ሐዲዱ ዳር ሻርፑን አስራ ብቻዋን ቆማለች። ጓደኛዋ የለችም። "እስከ መጨረሻው ቃሌን ጠበቅሁ፤ ለማንም አልተናገርሁም" ይላል የታሪኩ የመጨረሻ መስመር።

"ቃሏን ጠበቀች!" አለች ቧንቧ ለባዶው ክፍል። "ለማን ነው የጠበቀችው? አሁን ማን ያመሰግናታል?" መጽሐፉን በፎጣ አልጠቀለለችውም። ቁም ሣጥን ከፍታ ከብርድ ልብሶቹ ስር ቀበረችውና በሩን በጀርባዋ ዘግታ ቆመች።

ማታ አባቷ ገብቶ ሳጥኑን አስቀመጠ። "ዛሬስ ማን ሞተብን?"

"እስካሁን ማንም" አለችና ራቷን ሳትነካ ገብታ ተኛች።

አባትና እናት ተያዩ።

"አላለቀሰችም" አለች እናት።

"አይቻለሁ" አለ አባት። "የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አያስፈራም። የሚያስፈራው ሲያፈስ ከርሞ ድንገት ቀጥ ያለው ነው። ግፊቱ አንድ ቦታ እየሠራ ነው ማለት ነው።"

"እንግዲያ ጠይቃት።"

"ዛሬ አይደለም። እሷ ትመጣለች።"

መጣች። በማግስቱ ቅዳሜ አባቷ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ የተዘጋ የዕቃ ማጠቢያ ሲጠግን ነበር። ቧንቧ ጠዋት ከአልጋዋ ስር ያንን የጉልበት መከላከያ አውጥታ ስታገላብጠው ቆየችና በከረጢት ይዛው ወጣች። ምግብ ቤቱ ስትደርስ ኩሽናው በድስት ክምርና በእንፋሎት ታፍኗል። ዋናው ምግብ አብሳይ ወገቡን ይዞ ይንጎራደዳል። አባቷ ማጠቢያው ስር በጀርባው ተንጋሎ ከጉልበቱ በታች ብቻ ነው የሚታየው።

"አባዬ።"

"ማነው? ቧንቧ? እናትሽ ደህና አይደለችም?"

"ደህና ናት። አትውጣ። እዚያው ሁን።"

"እዚህ ሆኜ ምን ላድርግልሽ?"

"ስማኝ ብቻ።" ቁጢጥ አለችና ለጫማው መናገር ጀመረች። ጫማ ዓይን የለውም፤ ቀለላት። "አንድ ሰው ምስጢር ነግሮህ ቢያስምልህ ... ምስጢሩ ግን ሰውየውን ራሱን የሚገድለው ቢሆንስ?"

ከስር ይሰማ የነበረው የብረት ድምፅ ቆመ።

"በመጽሐፍ ነው በእውን?"

"በመጽሐፍም ነው። በእውንም ነው።"

ሁሉንም ነገረችው። የመንገዱን ወሬ፣ መሐላውን፣ የጉልበቱን መከላከያ፣ ሻርፑን፣ የመጨረሻውን መስመር። እየነገረችውም ዓይኗ ያው ደረቅ ነበር። ስትጨርስ አባቷ በክርኑ እየዳኸ ከማጠቢያው ስር ወጣ። ፊቱ ላይ ቆሻሻ ውሃ ይወርዳል፤ አልጠረገውም።

"ተነሺ፤ እንሂድ" አለ።

"አሁን?"

"ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው።"

ምግብ አብሳዩ ጮኸ፤ "ኧረ ሰውዬ! ሳትጨርስ የት ነው? ዕቃ የማጥብበት የለኝም!"

"ዋናውን ውሃ ዘግቼዋለሁ፤ አይፈስብህም። እመለሳለሁ።"

"ደንበኞቼስ በምን ይብሉ? ሁለት ሳህን ነው የቀረኝ!"

"ተራ በተራ!" አለና ልጁን በትከሻዋ ይዞ ወጣ።

የረጅሟ እህት ፀጉር ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ሲገቡ እህትየዋ የአንዲት ደንበኛ ፀጉር አጥባ መቀስ ይዛ ቆማለች። መንቶቹ ጥግ ላይ አንድ ካርቶን ውስጥ ተቀምጠው የፀጉር መጠቅለያ ያኝካሉ። አባት ደንበኛዋ እንዳትሰማ ጠጋ ብሎ በዝቅታ ነገራት።

"የኔ እህት?" አለች ሴትዮዋ። "ተሳስተዋል ጋሼ። ትናንት ማታ እኮ ሁላችንንም በሳቅ ስትገድለን ነው ያመሸችው። የእኔን ባል አኳኋን እየቀዳች ..."

"ውሃም እያሳሳቀ ነው የሚወስደው ልጄ" አላት።

ቧንቧ ከረጢቱን ከፈተች። እህትየዋ የጉልበቱን መከላከያ ስታይ፣ እጇ ሳታውቀው ወደ ጆሮዋ ሄደ፤ ሁለት ትናንሽ ፍሬ የመሰሉ ጉትቻዎች አድርጋለች።

"የእናታችን ናቸው" አለች ቀስ ብላ። "ስትሞት ለእሷ የሰጠቻት። በቀደም ዕለት 'አንቺ አድርጊው፣ ያምርብሻል' ብላ ሰጠችኝ። እኔ ደግሞ ... እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። አመሰገንኳት።" መቀሱ ከእጇ ወደቀ። የሰው ሆዱ የወፍ ወንዱ አይታወቅም የሚባለው እንዲህ ያለ ቀን ነው።

ፀጉሯ የሚንጠባጠበው ደንበኛ ሁሉንም ባትሰማም የሚበቃትን ያህል ሰምታለች። ፎጣውን ራሷ ላይ ጠመጠመችና፣ "ሂጂ። ልጆቹን እኔ እጠብቃለሁ። ፀጉሬ የትም አይሄድም" አለች።

ረጅሟን ያገኟት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ ነው። የመረብ ኳስ ቡድኗ ይለማመዳል፤ እሷ ጃኬቷን እስከ አገጯ ዘግታ የሲሚንቶው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ታያለች። እህትየዋ ከሩቅ መሮጥ ጀመረች። ስትደርስ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ጎኗ ተቀምጣ ያን ረጅም ገላ እንደ ሕፃን ሰብስባ ደረቷ ላይ አደረገችው። ረጅሟ መጀመሪያ ደነገጠች፤ ከዚያ በእህቷ ትከሻ በላይ ቧንቧን አየቻት።

"ነገርሻት?"

"ነገርኳት።"

"በእናቴ አጥንት አስምዬሽ?"

"አዎ።"

"ከዛሬ ጀምሮ አላውቅሽም።"

"እሺ" አለች ቧንቧ። "አትወቂኝ። ብቻ ኑሪ።"

አባቷ እጇን ይዞ መለሳት። ጥግ እስኪዞሩ ድረስ ቀጥ ብላ ሄደች። ከዚያ የተዘጋው ሁሉ ተከፈተ። አጥር ተደግፋ እንደዚያ ያለቀሰችው ለማንም መጽሐፍ አይደለም። አባቷ የሥራ ጨርቁን ሰጣትና አጠገቧ ቆሞ የሚያልፈውን ሰው "ምንም አይደል፣ ምንም አይደል" እያለ ሸኘ። እሱ ራሱ ፊቱን በእጅጌው ሲጠርግ ስታየው፣ ውሃው ከማጠቢያው ይሁን ከዓይኑ ለይታ አላወቀችም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ረጃጅም ነበሩ። ረጅሟ ለጊዜው ትምህርት ቀረች። እህትየዋ ጠዋት ጠዋት ፀጉር ቤቱን እየዘጋች ወደ ሐኪም ትወስዳት ጀመር፤ ማታም ፍራሿን ከራሷ አልጋ ጎን አነጠፈችላት። ይህን ሁሉ ቧንቧ የሰማችው ከአባቷ ነው፤ እሱ በየጊዜው የፀጉር ቤቱን ቧንቧ "ለማየት" ብቅ ይል ነበር፤ ቧንቧው ግን ደህና ነበር። ረጅሟ ወደ ክፍል ስትመለስ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቧንቧ ደግሞ ማንበብ አቃታት። መጽሐፍ ከፍታ አንድ ገጽ ታነብና ስለ ማን እንዳነበበች አታውቅም።

ያንን መጽሐፍ ልትመልስ ስትሄድ፣ "አልጨረስኩትም እትዬ" አለቻት ሴትዮዋን። "መጨረሻውንም ሰርቄ አይቻለሁ። ተናድጄበታለሁ።"

"በደራሲው?"

"በልጅቷ። ቃሏን ጠበቀች ብላ ትመጻደቃለች።"

ሴትዮዋ መጽሐፉን ተቀብላ አቧራ የሌለበትን ሽፋን በእጇ ጠረገችው። "ሰው እንዲህ እንዲናደድ ብሎ ይሆናል የጻፈው" አለች፤ ሌላ አልጠየቀቻትም።

ከሁሉ የከፋው ግን መሐላው ነበር። ቧንቧ በስተግራ ጎኗ በኩል ውጋት ጀመራት። ስትተነፍስ ይሰማታል፤ ስትተኛ ይሰማታል። አጥንቱ መሆኑን አልተጠራጠረችም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ እናቷ ሥራ ቦታ ሄዳ ታግዛት ጀመር። ትልልቅ የሆቴል አንሶላ ለሁለት ነው የሚታጠፈው፤ ጫፍና ጫፍ ይይዙና ይወጥሩታል፣ ያጥፉታል፣ ተጠጋግተው ጫፉን ያቀባብላሉ፣ እንደገና ይራራቃሉ። ሲጠጋጉ ማውራት፣ ሲራራቁ ዝም ማለት ነው።

"እማዬ፣ የሞተ ሰው አጥንት እውነት ይወጋል?"

እናቷ አንሶላውን ወጠረች። ተጠጋች። "ያቺ ልጅ ያስማለችሽ ነው?"

"አዎ። ጎኔን እየወጋኝ ነው።"

እናቷ ራቅ አለች፣ አጠፈች፣ ተመለሰች። በዚህ ጊዜ ጫፉን አልሰጠቻትም፤ ከነአንሶላው እጇን ያዘቻት።

"ስሚኝ። እኔ እናት ነኝ፤ ይሄን ከአባትሽም ከመጽሐፍሽም እኔ አውቀዋለሁ። ሞቼ ልጄን ጥዬ ብሄድና አንድ ሰው በስሜ ምሎ፣ መሐላውን አፍርሶ ልጄን ቢያተርፍልኝ ... አጥንቴ ሊወጋው? አጥንቴ ተነስቶ ነው የሚመርቀው። ያቺ ሴትዮ አሁን ባለችበት ስምሽን እየጠራች ነው።"

"በቧንቧ ነው የምትጠራኝ?" አለች ልጅቷ እያለቀሰች።

"በደህናው ስምሽ። ሙታን ቅጽል ስም አያውቁም።" እናቷ ፊቷን በአንሶላው ጫፍ ጠረገችላትና ደነገጠች። "ዞር በይ፣ ዞር በይ፣ ይሄ የተተኮሰ ነው!"

ውጋቱ እዚያው ለቀቀ ቢባል ውሸት ይሆናል። ግን ያን ሌሊት በግራ ጎኗ ተኛች።

ጊዜው እየሄደ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቧንቧ ከመደርደሪያው ፊት ቆማ የመጻሕፍቱን ጀርባ ስታይ፣ ከኋላዋ ጥላ ወደቀባት። ከፍ ያለ ጥላ ነው።

"የቱ ነው?" አለች ረጅሟ።

"ምኑ?"

"ያሳበቀብኝ መጽሐፍ። እህቴ ነግራኛለች። ፊቱን ላየው እፈልጋለሁ።"

የቤተ መጻሕፍቷ ሴትዮ ከጠረጴዛዋ ሰማች። ለመጀመሪያ ጊዜ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አድርጋ ሁለቱንም አየቻቸውና ሳይነግሯት ገባት። "እሱን ዛሬ አልሰጥሽም የኔ ልጅ" አለች። "ይቆይልሽ። ሲደርስ እኔ ራሴ እሰጥሻለሁ። እስከዚያ ከፈለግሽ ጓደኛሽ ትንገርሽ።"

"ጓደኛዬ አይደለችም" አለች ረጅሟ፤ ግን አልሄደችም።

ውጭ ደረጃው ላይ ተቀመጡ፤ በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተው። ቧንቧ ታሪኩን ነገረቻት። ሻርፑን፣ ሬዲዮውን፣ ድመቷን። ረጅሟ መሬት መሬት እያየች ሰማች።

"ድመቷን ለማን ሰጠቻት?"

"ለባቡር ጣቢያው ዘበኛ።"

"ዘበኛ ሌሊት ነው እንጂ ቀን አይኖርም፤ ድመቷን ማን ያበላታል? ደራሲው አላሰበበትም።" በጫማዋ ጫፍ ጠጠር ገፋች። "እኔ ሜዳው ላይ የተቀመጥኩት ልሰናበታቸው ነበር። ያን ቀን።"

ቧንቧ ጉልበቷን በሁለት እጇ አቅፋ ጠበቀች። 

"እህቴ ስትሮጥ ሳያት ግን የተሰማኝን ልንገርሽ? ነጠላ ጫማዋ አንዱ ወልቆ ወድቋል፤ አላወቀችም። እንደዚያ ሆና ለእኔ የምትሮጥ አልመሰለኝም ነበር። መንቶቹን ፍለጋ መስሎኝ ነበር።" አፍንጫዋን በጃኬቷ ጠረገች። "በጣም ተናድጄብሽ ነበር። አሁንም ትንሽ ተናድጃለሁ።"

"ተናደጂ። መብትሽ ነው።"

"አሁንም አንዳንድ ቀን ይመጣብኛል። ሲመጣ ግን እህቴን እቀሰቅሳታለሁ። 'መጣ' ብቻ ነው የምላት። እሷም 'እሺ' ትልና መብራቱን ታበራለች። ሐኪሟ ናት እንደዚያ በሉ ያለችን።" ዞር ብላ አየቻት። "ለምን ነው ዓይንሽ ያልቀላው? አልቃሻ አልነበርሽም እንዴ?"

"ለአንቺ ጨርሼዋለሁ፤ ያን ቀን፣ አጥሩ ጋ። አባዬን ጠይቂው።"

ረጅሟ ሳቀች። ቧንቧ ቀና ብላ ፊቷን አየች፤ እንደዚያን ጊዜ ልትመረምረው። ዓይኗም አብሮ ይስቅ ነበር። ብዙ አይደለም፣ ግን ይስቅ ነበር። በመካከላቸው የተተወውን ቦታ ረጅሟ እግሯን ዘርግታ ያዘችው፤ በእግሯ ርዝመት ሌላ የሚተርፍ ቦታ አልቀረም።

ሲመሽ ቧንቧ ብቻዋን ወደ ቤት ሄደች። ካፊያ ነበር፤ አልሮጠችም። መጽሐፍ አልያዘችም። ደረጃውን ወጥታ በሩን ስትከፍት የሚጤሰው ሾርባ ሸተታት፤ ሆዷ ጮኸ። ጫማዋን እንኳ በወጉ ሳታወልቅ ተቀመጠችና አንድ ሳህን ጨረሰች። ሳህኑን አነሳችና ዘረጋችው።

እናቷ ጭልፋውን ይዛ ቆማ አየቻት። "ምን ነካሽ ዛሬ?"

"ራበኝ" አለች ልጅቷ።

"ሰሞኑን ሙሉ የት ነበር ይሄ ረሃብ?" አለች እናት፤ እያለችም ሞልታ ቀዳችላት፤ አባትም ሳይጠየቅ የራሱን ዳቦ ከፍሎ ከሳህኗ አጠገብ አደረገው። ልጅቷ ሁለተኛውን ሳህን በልታ፣ ሦስተኛውን እያሰበችበት፣ ጭንቅላቷን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት።